ማሊያውን ማውጣት ቀላል ነበር፣ መልሶ ማስገባቱ ነው ያንከራተተን፦ ከጅማ የአንድ ጌም ቤት ጉዳይ

ጉዳዩ ከየት ተነሳ

ጅማ ውስጥ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። የሚበዛው ሥራዬ ፎርማት ማድረግ፣ ስክሪን መቀየርና ቫይረስ ማጽዳት ነው። ባለፈው ክረምት ግን የሰፈር ጌም ቤት የሚያሠራ አንድ ልጅ ለየት ያለ ጥያቄ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ የጅማ አባ ጅፋርን ማሊያ ፔስ ውስጥ ማስገባት ፈልጌ ነበር። ማሊያዎቹ ያሉበትን ፋይል አገኘሁት፤ ግን በምንም አልከፈት አለኝ» አለ።

አባ ጅፋር የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ነው፣ ፔስ ደግሞ የኮምፒውተር የኳስ ጨዋታ። ይህ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ወሰደብን። በመሀል ጨዋታውን አበላሽተናል፣ አንድ ሙሉ ቀን በከንቱ ደክመናል፣ የጀመርነውንም መንገድ ትተን በሌላ ሄደናል። በአማርኛ ስለ ጌም ሞድ (ጨዋታን በራስ ሥዕልና ድምፅ ስለ መለወጥ) የሚጻፈው ጥቂት ስለሆነ የሆነውን ከነስህተታችን ላስቀምጠው። ስም አልጠቅስም። ልጁን «ልጁ» እላለሁ፣ በኋላ የመጣችውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ «ተማሪዋ»።

የነበረው ሁኔታ

ልጁ ከታላቅ ወንድሙ ጋር የሚያሠራት ጌም ቤት አራት አሮጌ ዴስክቶፖች አሏት። ሁሉም ዊንዶውስ 7 ናቸው፣ ሁሉም 2 ጊጋባይት ራም። የረባ ግራፊክስ ካርድ የላቸውም። አዲሶቹ የኳስ ጨዋታዎች እዚያ ላይ አይታሰቡም። የሚሠራው ፔስ 6 ነው፤ ኮናሚ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ዕድሜው ገፍቷል፣ ነገር ግን በደካማ ኮምፒውተር ላይ እንደ ልብ ይሄዳል፤ የሰፈሩ ልጆችም ዓይናቸውን ጨፍነው ይጫወቱታል።

ልጁ ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ውድድር ሊያዘጋጅ አስቧል። ሁሉም ባርሴሎና ልሁን እያለ ከሚጣላ የራሳችን ክለብ ይኑር ነው ሐሳቡ። አባ ጅፋር ፕሪምየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ያነሳ ክለብ ነው። ያን ጊዜ ጅማ የነበረ ሰው የከተማውን ሁኔታ አይረሳውም። እኔም ጥያቄውን ሰምቼ «የልጅ ነገር ነው» ብዬ ያላለፍኩት ለዚህ ነው። የጌም ቤቱ ሕፃናት ያን ዓመት አያስታውሱትም፤ ስክሪን ላይ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

የቡድኑንና የተጫዋቾቹን ስም በጨዋታው የራሱ ማስተካከያ ገጽ በላቲን ፊደል ጽፎ ጨርሷል። የቆመው ማሊያው ላይ ነው። ገጹ ቀለምና የተዘጋጁ ንድፎችን ያስመርጣል እንጂ ከውጭ የሠራኸውን የማሊያ ሥዕል አይቀበልም። ሥዕሉን ለማስገባት የጨዋታው ሆድ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ፍለጋው ለምን ከሸፈ

ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ብቻውን ሁለት ሳምንት ፈልጓል። በስልክ ዳታ እያወረደ፣ ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር እያገናኘ። ፓኬጁ ሲያልቅ ሌላ እየሞላ። ሲፈልግ የሚጽፈው «የፔስ ሞድ መሥሪያ» የሚል ነበር፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ፔስ አንድ ጨዋታ አይደለም። በየዓመቱ አዲስ ወጥቷል፣ ፋይሎቹን የሚያሽግበትም መንገድ በጊዜ ብዛት ተቀያይሯል። ፔስ 6 ኤኤፍኤስ የሚባል ጥቅል ይጠቀማል። እንደ ፔስ 2017 ያሉት ሲፒኬ የሚባለውን። ልጁ ካወረዳቸው አምስት ሶፍትዌሮች ሦስቱ የሲፒኬ ነበሩ፤ የሱን ፋይል ሊከፍቱ አይችሉም። አራተኛው ድራጎን አንፓከር ነው፣ ጥሩ ሶፍትዌር ነው፣ ግን ሥራው ከጥቅል ውስጥ ማውጣት ብቻ ነው፤ መልሶ አያስገባም። አምስተኛው ቫይረስ ነበር። አንዱን ኮምፒውተር ፎርማት አድርጌለት ነው የጀመርነው።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። የሚፈልገውን ነገር ስም ስለማያውቅ ብቻ ነው ሁለት ሳምንት የጠፋው። ሱቄ ውስጥ ይህን በየጊዜው አያለሁ፤ ሰው የችግሩን ስም ሳያውቅ መፍትሔ ያወርዳል።

አራቱ ባይቶች

መጀመሪያ ያደረግነው ሶፍትዌር ፍለጋውን ማቆም ነው። ዳት የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ዜሮ ቴክስት የሚባል ትልቅ ፋይል ሃርድ ዲስኬ ላይ ገለበጥነው። ከዚያ ኤችኤክስዲ በሚባለው ነፃ የሄክስ ማንበቢያ ከፈትነው። ሄክስ ማንበቢያ ማንኛውንም ፋይል ምንም ሳይተረጉም ባይት በባይት፣ ማለትም ፋይሉ የተሠራባቸውን ትንንሽ ቁራጮች አንድ በአንድ ያሳይሃል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች 41 46 53 00 ይላሉ። ሦስቱ የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ሲነበቡ ኤ፣ ኤፍ፣ ኤስ። አራተኛው ባዶ። ፋይሉ ማንነቱን ግንባሩ ላይ ጽፎታል ማለት ነው። ልጁ ዝም ብሎ ትንሽ አየውና «ይሄን ለማየት ነው ሁለት ሳምንት?» አለኝ። አዎ፣ አምስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ባለው ቅጥያ አትመኑ የምለው ለዚህ ነው። ለምሳሌ በፔስ 2013 ውስጥ አይኤምጂ የሚል ቅጥያ ያላቸው ትልልቅ ፋይሎች ስትከፍቷቸው መጀመሪያቸው ላይ ያው 41 46 53 00 አለ። ስማቸው ሌላ፣ ውስጣቸው ኤኤፍኤስ።

ከአራቱ ባይቶች ቀጥሎ ያለው አሠራር ለልጁ የገባው በቡና መጋዘን ነው። አጎቱ መጋዘን ስለሚሠራ በዚያ አስረዳሁት። በሩ ላይ አንድ ዝርዝር ተለጥፏል እንበል። መጀመሪያ ስንት ጆንያ እንዳለ ይላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጆንያ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፦ ከየት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሆነ። ኤኤፍኤስም ልክ እንደዚያ ነው። ከመለያው በኋላ ያሉት አራት ባይቶች የፋይሎቹን ብዛት ይነግሩናል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፋይል ስምንት ባይት አለ፤ አራቱ መነሻውን፣ አራቱ መጠኑን ይናገራሉ። ቁጥሮቹ የተጻፉት ከትንሹ ባይት ወደ ትልቁ ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበቡት።

አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ፣ በኋላ ያሰቃየን እሱ ነው። ማንኛውም ፋይል የሚጀምረው የ2048 ብዜት በሆነ ቦታ ላይ ነው። መጋዘኑ ወለል ላይ እኩል የሆኑ ሣጥኖች ተሰምረዋል እንበል፤ ጆንያው ሣጥኑን ባይሞላውም ቀጣዩ ጆንያ ከአዲስ ሣጥን ይጀምራል። ትራፊው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ስሙን ካወቅን በኋላ «ኤኤፍኤስ ማውጫና ማስገቢያ» ብለን ፈለግን። በአንድ ምሽት ሁለት የሚረቡ ነገሮች አገኘን። አንዱ ኤኤፍኤስ ኤክስፕሎረር ነው፣ የፔስ ሞድ ሠሪዎች ለዓመታት የተገለገሉበት። ሁለተኛው ኩዊክቢኤምኤስ፤ ይሄኛው በትንንሽ ስክሪፕቶች የብዙ ጨዋታዎችን ጥቅል የሚከፍት ነው። ሁለቱንም ከመክፈታችን በፊት ቫይረስቶታል የሚባል ቫይረስ የሚመረምር ድረ ገጽ ላይ ጭነን አስመረመርን። ፎርማት ካደረግኩት ኮምፒውተር በኋላ ይሄን እርምጃ ልዘለው አልቻልኩም።

ማውጣቱ

ማውጣቱ አልከበደንም። ኤኤፍኤስ ኤክስፕሎረር ጥቅሉን ሲከፍተው በቁጥር ብቻ የሚለዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ተዘረገፉ። የትኛው ቁጥር የትኛው ቡድን እንደሆነ ሞድ ሠሪዎች ባወጡት ዝርዝር አጣራን።

አንዱን የማሊያ ፋይል አውጥተን በሄክስ ስናየው ሥዕል አይመስልም። ምክንያቱም ታምቋል፤ ቦታ እንዲቆጥብ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። የመጀመሪያዎቹ 32 ባይቶች የኮናሚ መግለጫ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዚሊብ በሚባለው የተለመደ ዘዴ የታመቀ ነው። ይህን የሚፈታና ሥዕሉን የሚያሳይ ጌም ግራፊክ ስቱዲዮ የሚባል የቆየ ሶፍትዌር አለ። ሲከፍተው 512 በ256 ፒክስል የሆነ ሥዕል ላይ የማሊያው ፊት፣ ጀርባ፣ እጅጌ፣ ቁምጣና ካልሲ ተዘርግተው ታዩ። የልብስ ሰፊ ጨርቁን ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ እንደዘረጋው ነው የሚመስለው።

የኛን ማሊያ የሠራችው ተማሪዋ ናት። የልጁ ጎረቤት ስትሆን ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ቂጦ ፉርዲሳ ካለው የቴክኖሎጂ ግቢ ነው የምትማረው። ሥዕሉን ጊምፕ በሚባል ነፃ የሥዕል መሥሪያ ሠራችው። ሥራዋ ያምር ነበር። ጨዋታው ግን ከ256 ቀለም በላይ አይቀበልም። ወደ 256 ሲወርድ የክለቡ ዓርማ ጠርዙ ተቦጫጨቀ። እንደገና ሠራችው፤ በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው በጥቂት ቀለም፣ ያለ ጥላ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የጠራ ሆነ።

ማስገባቱ፦ የመጀመሪያው ስህተት

እኔ ሱቅ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ጨዋታው ዲ ድራይቭ ላይ ነበር። አንድ ቦታ ያገኘሁትን ትንሽ ማስገቢያ ፕሮግራም ተጠቀምኩ፤ ስሙን አልጠቅስም፣ ፋይሉን መርጠህ «ተካ» ብቻ ነው የሚለው። ቸኩዬ ነበር። ዝናቡ ይዘንባል፣ መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ልጁም አጠገቤ ቆሟል። ተካ አልኩት። ተካሁ አለ።

ጨዋታውን ከፈትን። ቡድናችንን መረጥን። ማሊያው ታየ! ልጁ ጮኸ። ከዚያ ተጋጣሚ ሲመርጥ ዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ያለውን ቡድን ያዘ። ስክሪኑ ቀጥ አለ። እንደገና ከፈትን፣ እንደገና ቀጥ አለ። ከሌላ ቡድን ጋር ይሠራል፣ ከዚያ ቡድን ጋር አይሠራም።

ያን ማታ ቁጥሩን በወረቀት ሠራሁት። የድሮው ማሊያ ፋይል 61,300 ባይት ነበር። በ2048 ሣጥን ሲመተር 30 ሣጥን ይይዛል፣ ማለትም 61,440 ባይት። ትራፊ ቦታው 140 ባይት ብቻ። የኛ ማሊያ ታምቆ 64,900 ባይት ሆኗል። እሱ 32 ሣጥን ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ግን ቀጣዩን ፋይል ወደ ኋላ ሳይገፋ ዝም ብሎ ጻፈበት። ቀጣዩ ፋይል ደግሞ የዚያ ቡድን ማሊያ ነው። የሰው ጆንያ ላይ ጆንያ ደፋን፣ በሩ ላይ ያለው ዝርዝር ግን አሁንም የድሮውን ቦታ ይናገራል።

ማስገባት ከማውጣት የሚከብደው ለዚህ ነው። የሚያወጣ ፕሮግራም ዝርዝሩን አንብቦ መቅዳት ብቻ ነው ያለበት። የሚያስገባ ፕሮግራም ግን አዲሱ ፋይል ከበለጠ ከኋላው ያሉትን ሁሉ መግፋት፣ መነሻቸውን ዝርዝሩ ላይ ማስተካከል፣ ባዶ ቦታውን መሙላት አለበት። ብዙ ነፃ ፕሮግራሞች እዚህ ላይ ይሰንፋሉ። ኩዊክቢኤምኤስ ስለዚህ ነገር ግልጽ ነው፤ በተለመደው የመመለሻ መንገዱ አዲሱ ፋይል ከድሮው መብለጥ የለበትም ይልሃል። ገደቡን የሚነግርህ ፕሮግራም ሁሉንም እችላለሁ ከሚለው ይሻላል።

የዳንነው በባክአፕ ነው። ያልተነካውን ፋይል መጀመሪያ ገልብጠነው ነበርና መልሰን አስቀመጥነው።

ሁለተኛው ስህተት

በማግስቱ ሥርዓት ያዝን። በመጀመሪያ ባዶ ሙከራ፦ አንድ ፋይል በኤኤፍኤስ ኤክስፕሎረር አውጥተን ምንም ሳንነካው መልሰን አስገባነው። ከዚያ ጥቅሉን ከባክአፑ ጋር በኮማንድ መስኮት፣ በዊንዶውስ የራሱ የኤፍሲ ትእዛዝ፣ ባይት በባይት አወዳደርን። ልዩነት የለም አለ። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ያልተነካ ነገር አያበላሽም ማለት ነው። ይህን ሙከራ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ከመጠቀሜ በፊት ባደርገው፣ ቢያንስ ቆም ብዬ ስለ መጠን አስብ ነበር።

ቀጥሎ ቆንጆውን ማሊያ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ የሆነ ሥዕል አስገባን። ለሙከራ የሚጮኽ ቀለም ይሻላል፣ ከሩቅ ይለያል። ጥቅሉ እንደ አዲስ እንዲገነባ አደረግነው። እኔ ሱቅ ሠራ፤ ከሁሉም ቡድን ጋር።

ደስ ብሎን ወደ ጌም ቤቱ ሄድን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገብተን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ እዚያው ነበርን። ያው ሶፍትዌር፣ ያው እርምጃ፤ ኤኤፍኤስ ኤክስፕሎረር ብርቱካናማው ማሊያ ገብቷል ይላል፣ ዘግተን ስንከፍተውም አለ። ጨዋታው ግን የድሮውን ማሊያ ያሳያል። አሥር ጊዜ ሞከርን። ቁጥሩን ተሳስተናል ብለን ሌላ ቁጥር ሞከርን። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ደንበኞቹን ማስተናገድ ጀመረ።

ፍንጩን ያየችው ተማሪዋ ናት። «ሲ ድራይቭ ላይ ነፃው ቦታ ጠዋት ካየሁት በጣም ቀንሷል፣ ምን ጫናችሁ?» አለች። ምንም አልጫንንም። የቀነሰው መጠን ሲታይ ግን ልክ የጥቅሉን ፋይል ያህል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ ጨዋታው የተጫነው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ያንን ፎልደር ይጠብቃል። የቆየ ፕሮግራም ያለ አድሚኒስትሬተር ፈቃድ እዚያ ሊጽፍ ሲሞክር «አይቻልም» አይለውም፤ ፋይሉን ቨርቹዋል ስቶር ወደሚባል የተጠቃሚው የተደበቀ ፎልደር ገልብጦ ጽሑፉን እዚያ ያደርገዋል። ፕሮግራሙ ራሱ ልዩነቱን አያውቅም፣ ሲከፍትም የሚያየው ያንን ግልባጭ ነው። ጨዋታው ግን በአድሚኒስትሬተር እንዲከፈት ተደርጎ ስለነበር ዋናውን ፋይል ነው የሚያነበው። እኛ ሙሉ ቀን አንዱን ፋይል እያስተካከልን ሌላውን እያየን ነበር።

ጨዋታውን ከፕሮግራም ፋይልስ አውጥተን ዲ ድራይቭ ላይ አዛወርነው። የተደበቀውን ግልባጭ አጠፋን። ብርቱካናማው ማሊያ ወዲያው ታየ።

መንገድ ቀየርን

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን አራት ኮምፒውተር አለ፣ በየአንዳንዱ ላይ ትልቁን ጥቅል እንደገና መገንባት አለብን፣ ነገ ዓርማው ትንሽ ቢስተካከል ሁሉንም እንደ አዲስ። መብራት በመሀል ቢሄድ ደግሞ የተጻፈው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ይህ «ምናልባት» የሚባል ነገር አይደለም።

ኤኤፍኤስን በትክክለኛ ስሙ መፈለግ ከጀመርን በኋላ ኪትሰርቨር የሚባል ነገር ደጋግሞ ይመጣብን ነበር። ኪትሰርቨር ጥቅሉን አይነካም። ጨዋታው ማሊያ ሲጠይቅ መሀል ይገባና ከተራ ፎልደር የእኛን ሥዕል ይሰጠዋል። ጂዲቢ የሚባል ፎልደር አለው፤ እዚያ ውስጥ ለቡድኑ አንድ ፎልደር ትከፍታለህ፣ የሜዳ፣ የተለዋጭና የግብ ጠባቂ ማሊያዎችን በተራ ፒኤንጂ ታስቀምጣለህ። ማፕ (ካርታ) በሚባለው የጽሑፍ ፋይል ላይ የቡድኑን ቁጥርና የፎልደሩን ስም በአንድ መስመር ትጽፋለህ። በቃ።

የሥዕሉ ሕግ አልተለወጠም፣ ያው 256 ቀለም ነው። የ2048 ሣጥን ጣጣ ግን የለም፤ መጠኑ ቢበልጥ ማንም ላይ አይደፋም። ዓርማውን ለማስተካከል ሥዕሉን መተካት ብቻ ነው። ባክአፕ የሚያስፈልገውም ጥቂት ኪሎባይት የሆነ ፎልደር ነው።

ሁለት ሳምንት ተኩል የታገልነውን በአንድ ከሰዓት ጨረስነው። የታገልነው ግን ከንቱ አልነበረም፤ የቡድን ቁጥር፣ የሥዕል መጠንና የቀለም ገደብ ምን እንደሆኑ ባናውቅ ኪትሰርቨርንም አንጠቀምበትም ነበር።

ድምፁ

ልጁ በዚህ አልረካም። ስልኩ ውስጥ ደጋፊዎች ስታዲየም ሲዘምሩ የቀዳው ድምፅ ነበር። «ይሄ ይግባ» አለ። እኛ የነበረን የኪትሰርቨር ቅጂ ለማሊያ እንጂ ለድምፅ አላገለገለንም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ወደ ጥቅሉ መመለስ ግድ ሆነ፤ ዜሮ ሳውንድ የሚባለው።

የድምፅ ፋይሎቹ ኤዲኤክስ ናቸው። ሲአርአይ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ያወጣው የድምፅ ዓይነት ነው። ጥሩው ነገር መጠኑ አስቀድሞ ይሰላል። በተለመደው ኤዲኤክስ 32 የድምፅ ናሙና (ድምፁ በየቅጽበቱ የተለካበት ቁጥር) ሁልጊዜ 18 ባይት ይሆናል። በሴኮንድ 44,100 ናሙና ያለው ስቴሪዮ ድምፅ እንግዲህ በሴኮንድ 49,600 ባይት ገደማ ነው። የምንተካው ፋይል 1.2 ሚሊዮን ባይት አካባቢ ነበር። ስለዚህ ከ24 ሴኮንድ መብለጥ የለብንም። ከዝማሬው ጥሩውን 23 ሴኮንድ ቆረጥን፣ ከድሮው ያነሰ ሆነ፣ ያለ ምንም መግፋት ገባ። ከማሊያው የተማርነው እዚህ ከፈለን።

መጀመሪያ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል መቀየሪያ ቀየርነው። ሠራ፣ ግን ከ23 ሴኮንድ በኋላ ስታዲየሙ ጸጥ ይላል። ኤዲኤክስ መጀመሪያው ላይ «ከዚህ ወደዚህ እየተመለስክ ድገም» የሚል ምልክት ሊይዝ ይችላል፤ የድሮው ፋይል ነበረው፣ የኛ የለውም። ተማሪዋ ቪጂኦዲዮ በሚባል ሌላ መቀየሪያ ከነምልክቱ እንደገና ሠራችው። ያኔ ዝማሬው ሳይቋረጥ ቀጠለ። ጌም ቤቱ ውስጥ የነበሩት ልጆች ጆይስቲኩን አስቀምጠው አብረው ዘመሩ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት።

የሠራውና ያልሠራው

ማሊያው በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ያለ ችግር ሠርቷል፣ ውድድሩም ተካሂዷል። አራተኛው ላይ አልሆነም። እዚያ ያለውን የጨዋታውን ማስነሻ ፋይል ከእኛ በፊት ሌላ ሰው ነካክቶት ስለነበር የኪትሰርቨር መጫኛ አላወቀውም። ያ ኮምፒውተር በውድድሩ ሰሞን ለልምምድ ብቻ ዋለ።

የአማርኛ ጽሑፍ በጨዋታው ሜኑ ላይ የማስገባት ሐሳባችንም አልተሳካም። የጨዋታው ፊደል ውስጥ ግዕዝ የለም፤ ጽሑፉን ከመተካት በፊት የፊደሉን ሥዕል ራሱን መሥራት ይጠይቃል። ተማሪዋ ጀምራው ፈተና ሲደርስባት ተወችው።

ለሌላ ጨዋታም የሚያገለግለው

ጨዋታው ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው። ሶፍትዌር ከመፈለጋችሁ በፊት ፋይሉን በሄክስ ክፈቱና የመጀመሪያዎቹን አራት ባይቶች እዩ። ሳን አንድሪያስ የሚባለውን የጂቲኤ ጨዋታ ጥቅል ብትከፍቱ ለምሳሌ ቪ፣ ኢ፣ አር እና 2 የሚሉ ምልክቶች ታገኛላችሁ፤ እሱም እንደ ኤኤፍኤስ በ2048 ሣጥን ነው የሚሄደው፣ በዝርዝሩ ውስጥም ለፋይል ስም 24 ባይት ብቻ ነው ያለው። ያገኛችሁትን ምልክት ከጨዋታው ስም ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ። ፍለጋው ከሳምንት ወደ አንድ ምሽት ይወርዳል።

ስለ አንድ ሶፍትዌር ስትጠይቁ «ያወጣል ወይ?» ብላችሁ አታቁሙ። «አዲሱ ፋይል ከድሮው ሲበልጥ ምን ያደርጋል?» በሉ። መልስ ካላገኛችሁ ባዶውን ሙከራ አድርጉ፤ አውጥታችሁ ሳትነኩ መልሱ፣ ከባክአፑ ጋር አወዳድሩ። ቀጥሎ ሆን ብላችሁ ከድሮው የሚበልጥ ፋይል አስገቡና ቀጥሎ ያለው ፋይል ደህና መሆኑን እዩ። የኛን ስህተት የሚይዘው ይህ ሁለተኛው ነው።

ጨዋታውን ከፕሮግራም ፋይልስ ውጪ አስቀምጡ። ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ባውቅ ኖሮ ያን ሙሉ ቀን አናባክነውም ነበር።

ጥቅሉን ሳይነኩ ከውጭ ፎልደር የሚያስነብብ መንገድ ካለ መጀመሪያ እሱን ፈትሹ። ለሳን አንድሪያስም ሞድ ሎደር የሚባል አለ፣ አሠራሩ ከኪትሰርቨር ጋር ይቀራረባል። ለሰው ስታካፍሉም የራሳችሁን ሥዕልና ድምፅ ብቻ ስጡ፤ ሙሉው ጥቅል የጨዋታው ባለቤት ንብረት ነው፣ በዚያ ላይ በስልክ ዳታ የሚያወርድ ሰው ጥቂት ኪሎባይት ይሻለዋል።

አሁን

ልጁ መስከረም ላይ ተመልሶ መጣ። አንድ ሰው ፕሌይስቴሽን 2 ሸጦለታል፤ ማሊያውን እዚያ ላይም ማስገባት ይፈልጋል። የዲስኩን ቅጂ በፍላሽ ይዞ ነበር። ኪትሰርቨር እዚያ እንደማይሠራ ልነግረው ስል እሱ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ኤችኤክስዲን ከፈተ። ከዲስኩ ቅጂ ውስጥ ትልቁን ፋይል አወጣ፣ ከፈተው፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ።

«41፣ 46፣ 53፣ 00» አለ። «ጋሼ፣ የድሮውን መጠን ልጻፍ፣ ወረቀት አለህ?»